የቦሌን ሰማይ ከጎሮና ከአራብሳ ጣሪያ

ከጎሮ እስከ ቦሌ አራብሳ፣ ከሰሚት እስከ ለገጣፎ የሚኖር ሰው አውሮፕላን ለማየት የትም መሄድ አያስፈልገውም። ድምፁ ሲመጣ ስልኩን አውጥቶ ፍላይትራዳር24 የተባለው የበረራ መከታተያ መተግበሪያ ላይ ቢጫዋን ምልክት መንካት ብቻ ነው፤ ከየት እንደመጣ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ስንት ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በሰፈሬ ይህን የማያደርግ ወጣት ጥቂት ነው። መረጃውን ማን እንደሚልከው የሚጠይቅ ግን ብዙም አላየሁም።

ብዙዎች ከመንግሥት ራዳር የሚመጣ ይመስላቸዋል። የሚናገረው አውሮፕላኑ ራሱ ነው። ኤዲኤስ-ቢ በተባለው ሥርዓት፣ በ1090 ሜጋኸርዝ ሞገድ፣ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ፍጥነቱንና መለያውን ሳይመሰጥር እየደጋገመ ይለቃል። ያንን የሚቀበለው በአብዛኛው ሥራዬ ብሎ ጣሪያው ላይ አንቴና የተከለ አፍቃሪ ነው። ፍላይትራዳር24ን ራሱን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩት ሁለት ስዊድናውያን የአቪዬሽን አፍቃሪዎች ናቸው፤ በ2009 ማንም መረጃ እንዲልክ ከፈቱት በኋላ ነው ዓለምን ያዳረሰው። እኛ እዚህ ከማኮብኮቢያው አፍንጫ ሥር ተቀምጠን አብዛኞቻችን ተመልካች ብቻ መሆናችን ያንገበግበኛል።

ለምን ያንገበግብሃል የሚለኝ ካለ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.ን ያስታውስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ ከቦሌ ተነስቶ ከ6 ደቂቃ በኋላ ወደቀ፤ 157 ሰው አለቀ። ስለ በረራው ቀድሞ የተሰማው ቴክኒካዊ ነገር ፍላይትራዳር24 ያወጣው ነው፤ ከተነሳ በኋላ ሽቅብ የሚወጣበት ፍጥነት አልረጋም ነበር የሚል። ነገር ግን ምድር ላይ ያሉት ተቀባዮች የያዙት የበረራውን መጀመሪያ እንጂ መጨረሻውን አልነበረም። የጎደለውን ያሟላው ሳተላይት ላይ ተቀባይ ያለው ኤሪዮን የተባለ የውጭ የግል ኩባንያ ነው። ካናዳና አሜሪካ ከሦስት ቀን በኋላ የአውሮፕላኑን ዓይነት ቦይንግ 737 ማክስን ሲያግዱ ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የሳተላይት መረጃ ከወራት በፊት ተመሳሳይ አውሮፕላን ከወደቀበት ከኢንዶኔዥያው የላየን ኤር አደጋ ጋር መመሳሰሉ ነው። የመጨረሻው ምስክር ጥቁር ሳጥኑ መሆኑን አልክድም። ሳጥኑ ፓሪስ ደርሶ እስኪነበብ ግን ዓለም የተከራከረው በእነዚህ ነጠብጣቦች ላይ ነው። በገዛ ሰማያችን የሆነውን ነገር ግማሹን ከሰው እጅ ጠብቀን ነው ያወቅነው። በምሥራቁ የከተማ ዳር፣ በቢሾፍቱ መንገድ፣ ጥቂት አንቴናዎች ኖረው ቢሆን የዚያን ቀን መስመር ምናልባት ይረዝም ነበር።

ወጪው የሚያስፈራ አይደለም። ለቴሌቪዥን መቀበያነት የተሠራ ፍላሽ የሚያክል ዕቃ፣ ራስበሪ ፓይ የምትባለዋ ትንሽ ኮምፒውተር ወይም አሮጌ ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔት፣ አለቀ። አንቴናውን እንኳ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ የመዳብ ሽቦ መሥራት ይቻላል፤ የሞገዱ ሩብ ርዝመት ነውና። ዋናው ከፍታ ነው። ሞገዱ ቀጥታ ስለሚሄድ እንጦጦ ከጀርባው ያለውን ይከልላል፤ ምሥራቁና ደቡቡ ግን በአብዛኛው ክፍት ነው፣ በ10 ሺህ ሜትር ከፍታ የሚያልፈውን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት መያዝ አያቅትም። ዝቅ ብሎ የሚበረውን ለመያዝ ነው ብዙ ጣሪያ የሚያስፈልገው። መብራት ሲጠፋ መቋረጡ ያው የታወቀ ነው።

ከዕቃው ይልቅ የሚከብደው ጎረቤት ነው። የኛ ኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ከሮቶው አጠገብ የዲሹ ብረት ላይ ያሰርኳትን የአንቴና ዘንግ አይተው፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ጨረር የለውም?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ጆሮ እንጂ አፍ የለውም» ብያቸው ስቀው ወረዱ። ሁሉም እንደሳቸው ስቆ አይወርድም።

ለማን እንላክ የሚለውም ማሰብ ይፈልጋል። ለፍላይትራዳር24 የሚልክ ሰው ውዱን የአባልነት ደረጃ በነፃ ያገኛል፤ ጥሩ ነው፤ ኩባንያው ግን መረጃውን ይሸጣል። ኤዲኤስ-ቢ ኤክስቼንጅ የተባለው ሌላ የበረራ መከታተያ በበጎ ፈቃደኞች ላብ ካደገ በኋላ በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ለአንድ ድርጅት ሲሸጥ፣ የተቆጡ ላኪዎች ነቅለው ወጥተው ክፍት መረቦች መሠረቱ። ስዊዘርላንድ ያለው ኦፕንስካይ የተባለ መረብ ደግሞ መረጃውን ለተመራማሪዎች ይሰጣል። አንድ ተቀባይ ለብዙዎች በአንድ ጊዜ መላክ ስለሚችል፣ ምርቃቱንም ይውሰድ፣ ለክፍቱም ይላክ ባይ ነኝ። የእኛ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቦሌን ትራፊክ ለመመረቂያው ሊያጠና ሲፈልግ ከውጭ ኩባንያ መግዛት የለበትም።

ጸጥታን የሚያነሱ ሰዎች አይሳሳቱም። አራትና ከዚያ በላይ ተቀባዮች ሲተባበሩ፣ ቦታውን የማይናገር አውሮፕላንም ሲግናሉ በደረሰበት የጊዜ ልዩነት ሊገኝ ይችላል። በኛ አገር ሁኔታ ይህንን አገልግሎት አጥፍቶ መተው ይሻላል፤ ማጥፊያው ቅንብሩ ውስጥ አለ። አውሮፕላኑ በገዛ ፈቃዱ ለዓለም ሁሉ የሚለቀውን መስማት ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንና የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን አንድ ገጽ ማብራሪያ ያውጡ፤ የማያስተላልፍ፣ የሚቀበል ብቻ የሆነ ዕቃ በምን ሁኔታ እንደሚፈቀድ፣ ምን እንደሚከለከል በግልጽ ይጻፍ። ጉምሩክ ላይ ዕቃውን ይዞ የሚቆም ልጅም፣ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴም፣ የሰፈር ፖሊስም የሚያዩት ወረቀት ይሆናል። ቢሾፍቱ አጠገብ የታቀደው አዲስ አየር ማረፊያ ተጠናቆ በረራው ወደዚያ ሳይዞር ቢሆን ደስ ይለኛል።