«ድርጅቱ» ምን ያመርታል?

በአገራችን የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ «ድርጅቱ» የሚባል ነገር አለ። ዋናው ገጸ ባሕርይ የድርጅቱ ባለቤት ነው፤ ክፉው ገጸ ባሕርይ ድርጅቱን ሊነጥቀው ያሴራል፤ ከአሜሪካ የተመለሰው ወንድም «ከአባታችን ድርጅት ድርሻዬ ይሰጠኝ» ይላል፤ ጸሐፊዋ የድርጅቱን ሰነድ በቦርሳዋ ደብቃ ትወጣለች፤ በመጨረሻም አንድ ምስኪን በዚሁ በድርጅቱ ጉዳይ በመኪና ይገጫል። ለዓመታት በትጋት የተመለከትሁ ሰው ብሆንም፣ ይህ ሁሉ ደም የሚፈስለት ድርጅት ሳሙና ይሥራ፣ ቡና ወደ ውጭ ይላክ ወይስ ቆርቆሮ ያስመጣ፣ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

የድርጅቱ ቢሮ ግን በደንብ ይታወቃል። ሰፊ ጠረጴዛ፣ የሚሽከረከር ወንበር፣ አንድ ላፕቶፕ፣ በትንሽ ማቆሚያ ላይ የተተከለ ሰንደቅ ዓላማ፣ ከበስተጀርባ ደግሞ ማንም ገልጧቸው የማያውቅ ወፋፍራም ፋይሎች አሉ። ሥራ አስኪያጁ በዚህ ቢሮ ውስጥ የሚያከናውነው ተግባር ሁለት ብቻ ነው፤ ሰው ሲገባ ላፕቶፑን ይዘጋል፣ ሰው ሲወጣ ይከፍተዋል። ሠራተኛ ካለም ኮሪደር ላይ ቆሞ የአለቃውን ትዳር ያማል። ደመወዝ ዘገየብኝ የሚል፣ ግብር ከበደን የሚል፣ ወይም የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ስላልደረሰን ዕቃችን ጂቡቲ ወደብ ላይ ቀረ ብሎ ፀጉሩን የሚነጭ ሰው በዚያ ሕንፃ ውስጥ አይገኝም። እኔ በበኩሌ ከየትኛውም የክህደት ታሪክ ይልቅ የዚያን ዕቃ መጨረሻ ለማወቅ እስከ እኩለ ሌሊት እቀመጥ ነበር።

ከቢሮው የወጣ ሰው የሚሄደው ወደ ቪላው ነው። ድሃ የተባለችው ልጅ እንኳ የምትኖርበት ቤት እኔ ከተከራየሁት ይሰፋል፤ ድህነቷን የምናውቀው ሶፋው ላይ አሮጌ አልጋ ልብስ ስለተጣለበትና እናቷ ስለምታስል ነው። በድራማችን ውስጥ ያሳለች እናት ደግሞ ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ከመሞቷ በፊትም አባትሽ ሌላ ሰው ነው ብላ ትጀምርና ስሙን ሳትጠራ ታርፋለች። እርግጥ ነው፣ አዘጋጆቹ ወደው አይደለም ሳሎን ውስጥ የሚያድሩት። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ መንገድ ላይ ለመቅረጽ የፈቃድ ደብዳቤ ይዞ መዞር ያስፈልጋል፤ ደብዳቤው ቢገኝ እንኳ ካሜራ ያየ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ይመለከታል፣ አንዳንዱም እጁን ያውለበልባል። ተከራይተው የገቡበት ቪላ ሲኖር ግን ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ የቦርድ ስብሰባውም እዚያው ይጠናቀቃል። ይህን ሁሉ እረዳለሁ፤ የማይገባኝ ግን ሳሎኑ ውስጥ የሚነገረው ነገር ነው።

ሥራ የሌለው ሰው ወሬ ይበዛበታልና በሳሎኑ ውስጥ ያለማቋረጥ ይወራል። ወንድም ወንድሙን «አንተ እኮ ታናሽ ወንድሜ ነህ፤ አባታችን ከሞቱ ጀምሮ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ» ይለዋል፣ ያ ሰው ይህን ሰምቶ የማያውቅ ይመስል። ክፉው ሰው ሊፈጽም ያሰበውን ወንጀል ብቻውን ቆሞ፣ ጮክ ብሎ፣ በተራ ይዘረዝረዋል፤ ተበዳዩ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ይሰማል፤ ሰምቶ ግን ለማንም አይናገርም፤ ቢናገር ድራማው በዚያው ሳምንት ያልቃላ! የልጁ አባት ማን እንደሆነ ለማወቅም ሁለት የዝናብ ወቅት ያህል እንጠብቃለን፤ በመካከሉ ልጁ አድጎ ሌላ ተዋናይ ይተካዋል።

ለዚህ ሁሉ ቱርኮቹን የሚከስ አለ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭቱን ጀምሮ የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ወደየሳሎናችን ባስገባ ጊዜ፣ ባህላችን ሊጠፋ ነው ብለው ከተቃወሙት መካከል የጥበብ ሰዎች ጥቂት አልነበሩም። የኢስታንቡል ባለጸጋ በቦስፎረስ ዳር ቆሞ «ኧረ ተወኝ ባክህ» ሲል መስማት እንግዳ ነገር እንደ ነበር አልክድም፤ ሆኖም ድምፃቸውን ያዋሱት ወጣቶች የተናገሩት አማርኛ ከብዙ የራሳችን ድራማዎች አማርኛ የተሻለ ሕይወት ነበረው። እነርሱም ቢሆኑ «ሆልዲንግ» የሚባል፣ ምን እንደሚያመርት የማይታወቅ ኩባንያ አላቸው። ልዩነቱ በሰዓቱ ላይ ነው። የቱርክ ድራማ በአገሩ አንዱ ክፍል ብዙ ጊዜ ከ2 ሰዓት በላይ ይረዝማል፤ ወደ ውጭ ሲሸጥ ነው የሚቆራረጠው። ያንን ሁሉ ጊዜ በየሳምንቱ እንዲሞላ የተፈረደበት አዘጋጅ ሁለት ሰዎችን አፋጥጦ ረዘም ላለ ጊዜ ቢያቆማቸው ይቅርታ ይገባዋል። የእኛ ድራማ ግን «ባለፈው ክፍል» ተብሎ፣ መግቢያ ዘፈኑ ተዘፍኖ፣ የስፖንሰሮቹ ስም ተጠርቶ በምትተርፈው ደቂቃ ውስጥ ለምን እንደሚፋጠጥ አላውቅም።

ደግሞም ባለሀብቱን ከቱርክ አልተዋስነውም። ቃና ከመከፈቱ በፊት በ«ሰው ለሰው» ድራማ ውስጥ አስናቀ ነበረ፤ አበበ ባልቻ ብዙ ሳይጮህ፣ በዝግታ እየተናገረ፣ አገሩን ሁሉ ያስጠላው አስናቀ። አክስቴ እርሱ ብቅ ባለ ቁጥር «ይኼ ምናምንቴ!» እያሉ ነጠላቸውን ይሰበስቡ ነበር። አንድ ቀን ሰውዬው ተዋናይ መሆኑን ላስረዳቸው ብሞክር፣ «አንተ ልጅ፣ ተዋናይ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚያደርገው? እስቲ ዓይኑን እየው!» ብለው ዝም አሰኙኝ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ክፉዎች የአስናቀን ሱፍ ለብሰዋል፣ ዓይኑን ግን አላገኙትም፤ አክስቴም እነርሱን የሚያዩት ሽንኩርት እየላጡ ነው።

በስክሪናችን ላይ ካየኋቸው ድርጅቶች ሁሉ ምን እንደሚሸጥ በእርግጠኝነት የማውቀው በፋና ቴሌቪዥን ይታይ የነበረው የ«ምን ልታዘዝ» ድራማ ካፌ ብቻ ነው። ቡና ይቀዳል፣ አስተናጋጅ ይመላለሳል፣ ሒሳብ ይጠየቃል፤ በዚያ መካከል የአገሩ ፖለቲካ ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይታማል። ቀልዱ የሚያስቀው፣ ይመስለኛል፣ ትሪ የያዘ ሰው ስለሚናገረው ነው። በአርትስ ቴሌቪዥን የታየው «እረኛዬ» ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ገጠሩ ከሠርግ ዘፈን ክሊፕ ተቀንጭቦ የመጣ አረንጓዴ መስክ መሆኑ ቀርቶ ሰው የሚኖርበት አገር ሆነ፤ ድርብወርቅ ሰይፉ የተጫወተቻቸው እናና አፋቸውን ሲከፍቱ የከተማው ሰው ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርግ ነበር። ጣቢያው የሚያስተላልፈው ማስታወቂያ እንኳ ከእርሳቸው ንግግር በኋላ ሲመጣ የሚያፍር ይመስለኝ ነበር።

ስለ ሲኒማ ቤቱ ብዙ አልልም። ድሃው ወጣት ሀብታም መስሎ የተበደረውን መኪና የሚነዳበትን ፊልም በተለያየ ርዕስ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ መኪናውን ለየሁት መሰለኝ። ነገር ግን ሞገስ ታፈሰ ያዘጋጀው «ቁራኛዬ» በመጣ ጊዜ ከወንበሬ ሳልነሳ ቀርቻለሁ። ከሳሽና ተከሳሽ እንደ ጥንቱ ሥርዓት አብረው ታስረው ፍርድ ፍለጋ አገር ያቋርጣሉ። የሚጠላሉ ሁለት ሰዎች አንዱ ካልተነሣ ሌላው መነሣት አይችልም፤ አብረው ይደክማሉ፣ አብረው ይርባቸዋል። ሳሎን የለ፣ ስልክ የለ፣ ከመጋረጃ ጀርባ የሚሰማ የለ። ሰዎቹ በጠቅላላው ያላቸው ንብረት አንድ ሰንሰለት ሲሆን፣ ያ ሰንሰለት ምን እንደሚሠራ ግን ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ ለሁላችንም ግልጽ ነበር።

ለመጪው ዓመት ድራማ እየጻፈ ያለ ደራሲ ካለ ግን፣ ድርጅቱን ቢተውልኝና ወደ ቪላው በር ቢመለስ ደስ ይለኛል። እዚያ ሁልጊዜ አንድ ዘበኛ አለ። ጥሩምባ ሲነፋ ይከፍታል፣ መኪናው ሲገባ ይዘጋል፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ሥራው የሚታወቅ ብቸኛ ሰው እርሱ ነው፤ ንግግሩ ግን ከ«አቤት ጋሼ» አልፎ አያውቅም። ማን በስንት ሰዓት እንደ ገባ፣ የማን መኪና በሌሊት መብራቷን አጥፍታ እንደ ቆመች፣ ጸሐፊዋ ቦርሳዋን አሳብጣ መቼ እንደ ወጣች አንድ በአንድ አይቷል። የልጁን አባትም ከክፍል 1 ጀምሮ ያውቀዋል፤ የጠየቀው ግን የለም።