አባ መላን ከጠረጴዛችን ላይ አንሱልኝ

ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ አላማርርም። ስለ ትራፊክም አይደለም። የማማርረው በእውኑ ዓለም ስለሌለ አንድ ሽማግሌ ጠንቋይ ነው። መሳቅ ይቻላል። እኔ ግን ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት ብቻዬን እየተነጫነጭኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባል ጨዋታ አለ። ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት ነው። አንዱ ይመራል፣ ዲኤም እንለዋለን። ጭራቁንም፣ ጠጅ ሻጯንም፣ ንጉሡንም እሱ ይሆናል። ሌሎቻችን አንዳንድ ገጸ ባሕሪ ይዘን እንገባለን። "ምን ታደርጊያለሽ?" ይለኛል። እናገራለሁ። ባለ 20 ገጹን ዳይስ እወረውራለሁ። ወይ ይሳካል፣ ወይ አይሳካም። ተረት ተረት በሉት፤ የላም በረት የሚለውም ሰው ታሪኩ ውስጥ የሚገባበት ተረት።

እኛ አምስት ነን። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ዲኤማችን ቤዝመንት ውስጥ አራት ሰዓት እንቀመጣለን። እኔ ሌባ ነኝ። በጨዋታው ማለቴ ነው። አንዱ ጓደኛችን ኡበር ይነዳል። ቅዳሜ ማታ ዋና ገበያው ነው፤ እሱን ትቶ ነው ጎራዴ ይዞ የሚመጣው። አንዷ ነርስ ናት። ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ስታስታምም ትውልና ማታ መጥታ እኛን ትፈውሳለች። ሌላ ገጸ ባሕሪ ምረጪ ብንላት እምቢ ብላለች። አራተኛው አውሬ የሚጠራ የጫካ ባሕታዊ ቢጤ ነው። ቡና አለ። ቆሎ አለ።

አባ መላም አለ፤ ያ ሽማግሌ ጠንቋይ፣ ዲኤማችን ራሱ የሚያንቀሳቅሰው።

ዲኤማችን ያወጣለት ስም አፍ ላይ የማይዞር ረጅም ስም ነው። ለሁሉም ነገር መላ ስላለው አባ መላ ያልነው እኛ ነን። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ይቅር ይበሉን። ሲገባ መንገድ መሪ ተብሎ ነበር። "ጫካውን ያሻግራችሁና ይመለሳል" ተባልን። ይኸው ሰባት ወር ሆነው። ጫካው አልቋል። ሰውዬው አልተመለሰም።

ለምሳሌ ውጊያ መጣ እንበል። ሰባት ጎብሊን፣ ማለትም ትንንሽ ጭራቅ፣ ከዋሻ ወጣ። እኔ ጥላ ውስጥ ተደብቄ፣ ቀስቴን ደግኜ፣ ከኋላ የምወጋበትን እያሰላሁ ነው። ይህ የሌባ ሙያ ነው፣ ሌላ የለኝም። ከእኔ በፊት የአባ መላ ተራ ደረሰ። የእሳት ኳስ ወረወረ። የእሳት ኳስ ማለት ስምንት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ነው፣ በአማካይ 28 ነጥብ ጉዳት። በምንጫወትበት ሕግ ጎብሊን ያለው የሕይወት ነጥብ 7 ነው። ዘሎ ቢያመልጥ እንኳ ግማሹ 14 ይደርሰዋል። ሁሉም አለቁ። "ያንቺ ተራ ነው" አለኝ ዲኤማችን። ምን ላድርግ? ሬሳ ልውጋ?

ውጊያውስ ይሁን። የሚያንገበግበኝ የድንጋዩ በር ነው። በሩ ላይ ምስጢር የያዘ እንቆቅልሽ ተጽፏል። አራታችንም ተንጠራርተን ማሰብ ጀመርን። ነርሷ ወረቀት አወጣች። ባለ ኡበሩ ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠ፣ ይህ በሱ ቤት ትልቅ ነገር ነው። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ዲኤማችን ድምፁን አጎርንኖ፣ በአባ መላ አፍ፣ መልሱን ተናገረ። እንቆቅልሽ ያለው እሱ፣ ምን አውቅልህ ያለው እሱ፣ የፈታው እሱ፣ በመጨረሻ አገሩንም የወሰደው እሱ! እኛ ምን ልንሠራ መጣን?

የሠርግ ሚዜ አስቡ። ሙሽራውን ያጅባል፣ ቀለበት ይይዛል፣ አማች ሲቆጣ ያባብላል። ጥሩ ሚዜ የሌለው ሠርግ ይበላሻል። ግን ኬኩን ቆርሶ ሙሽሪትን ያጎረሰ ሚዜ አይታችኋል?

አንድ ቀን ሰዓት ያዝኩ። አዎ፣ እዚህ ድረስ ወርጃለሁ። አራት ሰዓት 240 ደቂቃ ነው። ግማሹን ዲኤሙ ያውራ፣ ሐቁ ነው፣ ዓለሙ የሱ ነው። የቀረው 120 ለአራት ሲካፈል ለያንዳንዳችን 30 ደቂቃ ይደርሳል። ስልኬ ላይ የተመዘገበው የኔ ድርሻ 11 ደቂቃ ነው። ዲኤማችን ራሱ በሰጠው ድምፅ ራሱን ሲጠይቅና ለራሱ ሲመልስ ያመሸበትም አለ። ንጉሡ አባ መላን ያማክራል፣ አባ መላ ንጉሡን ይመክራል፣ እኛ ቆሎ እንቆረጥማለን።

ነግሬዋለሁ። በጨዋነት፣ ለብቻው። "ያለ እሱ እኮ ታልቃላችሁ" አለኝ። እንለቅ ታዲያ! ማለቅ መብታችን ነው። ደግሞ ቆይተን ስናየው ሰባት ጎብሊን ያመጣው አባ መላ ስላለ ነው። አባ መላ የሚቆየው ደግሞ ጎብሊኑ ሰባት ስለሆነ ነው። ሽማግሌውን አውጥተህ ጎብሊኑን አራት ብታደርገው ሚዛኑ ያው ነው። ልዩነቱ የምንዋጋው እኛ መሆናችን ብቻ ነው።

የድሮዎቹ ይህ ገብቷቸው ነበር። ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ከጦር ሜዳ ጨዋታ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ አጃቢ ለነሱ ብርቅ አልነበረም። ችቦ ያዥ፣ ጠባቂ፣ ዕቃ ተሸካሚ ይቀጠር ነበር። ግን ልኩ ነበረው። በ1981ዱ የጀማሪዎች ሕግ የቱንም ያህል ሰው የሚማርክ ገጸ ባሕሪ ቢኖርህ ከሰባት አጃቢ በላይ አታስከትልም። ከውሉ የባሰ አደጋ ሲመጣ ደግሞ ሁለት ዳይስ ይወረወራል። ድምሩ ከሰውዬው የወኔ ቁጥር ከበለጠ ጥሎህ ይሸሻል። በጣም የምወደው ግን ሌላው ነው። አጃቢው የሚያገኘው የልምድ ነጥብ፣ ገጸ ባሕሪ የሚያድግበት ማለት ነው፣ ግማሽ ብቻ ነበር። ምክንያቱ ትእዛዝ ተከታይ መሆኑ ነው፤ የሚያስበውና የሚወስነው ሌላ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይባላል? አዲሶቹም ቢሆኑ በ2020 የአጃቢ ሕግ ሲያወጡ ከዋናዎቹ ደከም አድርገው ነው የሠሩት። ተጫዋቹ ራሱ እንዲያንቀሳቅሰውም ይፈቅዳሉ።

እርግጥ ሁሉንም በዲኤሙ አልደፋም። ባሕታዊያችንም አለ። በ2014ቱ ሕግ አንዴ አፉን ሲከፍት ስምንት ተኩላ ይጠራል። ተኩላ ከጓደኛው ጋር ሲያጠቃ ሁለት ጊዜ ወርውሮ የተሻለውን ይወስዳል። ስምንት ተኩላ፣ 16 ውርወራ፣ ከዚያ የንክሻው ጉዳት፣ ከዚያ ጠላት ወደቀ አልወደቀም የሚለው። በአንድ ተራ! እኔ ተነስቼ ቡና አፍልቼ እመለሳለሁ፣ አራተኛው ተኩላ ላይ ነው። በ2024 ሕጉን ለውጠው ተኩላዎቹን አንድ መንጋ አድርገዋቸዋል። እሱ ግን አሮጌው ይሻለኛል ይላል። ይሻለዋል እንጂ!

አጃቢ አይኑር አላልኩም። አጃቢ የሌለበት ዓለም ባዶ ገበያ ነው። የምወዳቸው አሉ። አንዲት ጠጅ ሻጭ ነበረች፤ ወሬ ሁሉ ታውቃለች፣ ግን ግማሹ ውሸት ነው፣ የትኛው እንደሆነ የምንለየው እኛ ነን። አንድ ፈሪ በቅሎ ነጂ ነበር፤ ድልድዩ ላይ ጥሎን ጠፋ። እስከዛሬ ስሙ ሲነሳ እንስቃለን። እሱን ፍለጋ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ዞረናል፣ ለበቅሎው ስንል። አባ መላን ግን ማን ይፈልገዋል? ጠፍቶ አያውቅ።

ይህን ሁሉ ለዲኤማችን ዘረገፍኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ሁለት ዓመት ሙሉ ልምራ ያለ ሰው የለም። እኔስ መቼ ነው የምጫወተው?" አለኝ።

መልስ አጣሁ። እውነቱን ነው። ለሁለት ዓመት ካርታ የሚስለው እሱ፣ ቤቱን የሚያጸዳው እሱ፣ ሕጉን የሚያነበው እሱ ነው። አንዳችንም አንድ ቀን አንተ ተጫወት አላልነውም። ለካ አባ መላ ጨዋታው ውስጥ የሚገባበት በሩ ነበር። ተናደድኩ፤ ብሶቴን አጋማሽ ላይ አበላሸብኝ። ከአፌ አምልጦኝ "እሺ፣ የሚቀጥለውን እኔ እመራለሁ" አልኩ።

አሁን ሕግ እያነበብኩ ነው። ውፍረቱን ባታዩት ይሻላል። ዛሬ ጠዋት የሚጫወትበትን ገጸ ባሕሪ በቴሌግራም ላከልኝ። ከፈትኩት። ሽማግሌ ነው። በትር ይዟል። የእሳት ኳስ ይችላል።