እርማት፦ የሴላካንት መገኘት ለኔሲ ማስረጃ አይሆንም

ወንድሜ፣ «ሴላካንት የተባለው ጥንታዊ ዓሣ ጠፍቷል ሲባል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1938 በሕይወት ተገኘ፤ ስለዚህ በስኮትላንዱ ሎክ ኔስ ሐይቅ ታየ የሚባለው ፍጡር፣ ኔሲም፣ አለ» ያልከው መታረም አለበት። መነሻው እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን ከመነሻው አይወጣም። የሴላካንት መገኘት የሚያስረዳው የሴላካንትን መኖር ብቻ ነው። ዓሣው የታመነውም «አየሁት» በሚል ወሬ አይደለም፤ ደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ላይ በመረብ ተይዞ፣ ሙዚየም ገብቶ፣ በባለሙያ ተመርምሮ ነው። ከሎክ ኔስ ግን አንድ አጥንት እንኳ አልወጣም። ሐይቁ ራሱ ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር፤ ኔሲ እንደሚባለው ከዳይኖሰር ዘመን የተረፈ እንስሳ ከሆነ፣ ያኔ የት ሆኖ ጠበቀ?

«እንግዲያው እንደሌለ አስረዳ» ማለትህም ሸክሙን ያለቦታው መጫን ነው። ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ የ«አለ» ባዩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1934 የታተመውን፣ ረጅም አንገት ከውኃው ወጥቶ የሚያሳየውን ዝነኛ የኔሲ ፎቶ ደግሞ «ሐኪም ያነሳው ስለሆነ አይዋሽም» ብለሃል። የሰው ማዕረግ ለፎቶ ዋስ አይሆንም! በ1994 እንደተጋለጠው፣ ያ ረጅም አንገት በመጫወቻ ሰርጓጅ መርከብ ላይ የተተከለ ቅርጽ ነበር።

አየን የሚሉትን ሁሉ ውሸታም ማለቴ አይደለም። ማዕበልና ተንሳፋፊ ግንድ ከሩቅ ያሳስታሉ፤ ስለ ኔሲ ሰምቶ የመጣ ሰው ደግሞ የጠበቀውን ያያል። እ.ኤ.አ. በ2018 የተወሰደው የሐይቁ ውኃ ናሙና በዲኤንኤ ሲመረመር የኢል፣ ማለትም እባብ መሰሉ ዓሣ፣ ዘረመል በብዛት ተገኝቷል፤ የተሳቢ እንስሳ አልተገኘም።