ሞዴል አለ ተብሎ ናሙና አይቀርም

ሰሞኑን በአንድ የሙያ ስብሰባ ላይ የአንድ ማዕድን ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ኃላፊ የናሙና ቡድናቸውን መበተናቸውን እንደ ትልቅ ስኬት ሲያወሩ ሰማሁ። «ሳይክሎኑ ውስጥ እያንዳንዱ ቅንጣት የት እንደሚገባ ኮምፒውተሩ ያሳየናል፤ ሰው በየፈረቃው ጣሳ ይዞ የሚቆምበት ዘመን አልፏል» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበላቸው። እኔ ግን ንግግራቸው እስካሁን እያንገበገበኝ ነው። ሳይክሎን የሚሉት የተፈጨ ድንጋይ ከውሃ ጋር ገብቶ የሚሽከረከርበት ሾጣጣ ዕቃ ነው፤ ደቃቁን በላይኛው አፍ ያወጣል፣ ያልደቀቀውን በታችኛው አፍ ወደ ወፍጮ ይመልሳል።

ማስረጃ ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ደግሞ የባሰ ነው፤ የኮምፒውተር ሞዴሉ «ተፈትኖ ልክነቱ ተረጋግጧል» አሉን። በምን ተፈትኖ? በንጹህ ውሃ! ያውም በ1980ዎቹ በ75 ሚሊሜትር ሳይክሎን ላይ በሌዘር ከተለካ የፍጥነት መረጃ ጋር ተነጻጽሮ። መረጃው ጥሩ ነው፤ ስንት ጥናት ቆሞበታል። የእሳቸው ሳይክሎኖች ግን 660 ሚሊሜትር ናቸው፤ የሚሽከረከርባቸውም የድንጋይ ዱቄት የተሸከመ ወፍራም ውሃ፣ ስለሪ የሚሉት ነው። በታችኛው አፍ ከሚወጣው ይዘት ግማሽ ያህሉ ጠጣር ሊሆን ይችላል። ቅንጣቶቹ እየተጋፉና እየተፋተጉ ነው የሚወጡት። በንጹህ ውሃ ልክ የመጣ ፍጥነት ስለዚያ ግፊያ የሚነግረን አንዳች ነገር የለም።

የፍሰት ስሌቱ መሻሻሉን አልክድም። ተርቡለንስን፣ ማለትም የፍሰቱን ሁከት፣ በየአቅጣጫው እኩል አድርገው የሚወስዱት የድሮ ስሌቶች የሳይክሎንን ሽክርክሪት አልቻሉትም ነበር፤ ሁከቱን በየአቅጣጫው ለየብቻ የሚያሰላው የሬይኖልድስ ስትረስ ሞዴልና ትላልቆቹን አዙሪቶች በቀጥታ የሚያሰላው ዘዴ መሐል ላይ የሚቆመውን የአየር ዓምድ ሳይቀር ያወጡታል። ይህ ግን የፍሰት ዕውቀት ነው። ማዕድን መለየት ሌላ ጉዳይ ነው።

ወርቅን እንውሰድ። ያሳዩን ስሌት ለቅንጣቱ ሁሉ አንድ አማካይ እፍግታ ሰጥቶ፣ ሁሉንም ድቡልቡል አድርጎ የሚያሰላ ነው። የወርቅ እፍግታ የውሃን 19.3 እጥፍ፣ የኳርትዝ ደግሞ 2.65 እጥፍ ነው። የቅንጣትን የመስመጥ ፍጥነት በሚሰጠው በስቶክስ ሕግ ብናሰላው 30 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ነው) የሆነች የወርቅ ቅንጣት የምትሰምጠው 100 ማይክሮን እንደሆነ ኳርትዝ ነው። ስለዚህ በበቂ የደቀቀችው ወርቅ ገና እንዳልደቀቀች ተቆጥራ በታችኛው አፍ ወደ ወፍጮ ትመለሳለች። እንደገና ትደበደባለች፤ እንደገና ትመለሳለች። ወርቅ ደግሞ አይሰበርም፤ ይጠፈጠፋል። የተጠፈጠፈ ወርቅ እንደ ኳስ አይሰምጥም፤ እንደ ቅጠል ይንሳፈፋል። አንድ ቀን ከደቃቁ ጋር በላይ ይወጣል። እንዲህ ባለበት «የሳይክሎኑ መለያ መጠን፣ ማለትም ወደ ላይና ወደ ታች የሚለይበት የቅንጣት መጠን፣ 75 ማይክሮን ነው» ብሎ አንድ ቁጥር መስጠት ምን ማለት ነው? ለየትኛው ማዕድን? ኳርትዙ የራሱ መለያ መጠን አለው፤ ወርቁም የራሱ አለው፤ የተጠፈጠፈው ወርቅ ሌላ ነው። ነገሩ የወርቅ ብቻ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ዩጂ2 የተባለውን የፕላቲነም ማዕድን የሚፈጩ ሰዎች ይህን ጣጣ በደንብ ያውቁታል፦ ከባዱ ክሮማይት ደቆም ወደ ወፍጮ ይመለሳል፤ ፕላቲነም ያዘለው ቀላል ሲሊኬት ግን በቅጡ ሳይፈጭ በላይ ያመልጣል። ይህን ከኮምፒውተር ስክሪን ባለቀለም ሥዕል ያወቀ ሰው አላጋጠመኝም። የታወቀው ናሙና ተወስዶ፣ በወንፊት ተለይቶ፣ እያንዳንዱ መጠን ለየብቻ ሲመረመር ነው።

ደግሞ የሳይክሎኑ ብረትም ጎማም በፍትጊያ ያልቃል። በሠራሁበት አንድ ፋብሪካ የናሙና ሠራተኛዋ ከታችኛው አፍ የቀዳችበትን የአንድ ሊትር ጣሳ ሚዛን ላይ ሰቅላ «ይኼ ሳይክሎን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቀሎብኛል» አለችን። ከታች የሚረጨውም እንደ ጃንጥላ ሰፍቶ፣ ውሃ ውሃ ብሎ ነበር። የቁጥጥር ክፍሉ ግን ሞዴሉ ሁሉ ሰላም ነው እያለ ነው ብሎ ቀኑን ሙሉ አከራከራት። ሳይክሎኑ ሲቆም የታችኛውን አፍ በካሊፐር ለካነው፤ 70 ሚሊሜትር የነበረው 78 ሆኗል። ቀዳዳው በስፋት 24 በመቶ ጨምሯል ማለት ነው። ሞዴሉ ውስጥ ግን አሁንም 70 ነበር፤ ማንም ካልነገረው ለዘላለሙ 70 ሆኖ ይቀራል። የሚነግረው ማን ነው? ያቺ ጣሳ የያዘችው ሴት ናት። ኃላፊው የበተኑት እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ቡድኑን ይመልሱ። ከዚያ የገቢውን፣ የላይኛውንና የታችኛውን መውጫ ናሙና በአንድ ሰዓት ያስወስዱ፤ በየወንፊቱ መጠን፣ በየማዕድኑ ያስመርምሩና ውጤቱን ከሞዴላቸው ቁጥር ጎን ያስቀምጡት። በሚቀጥለው ስብሰባ ያንን ሰንጠረዥ ይዘው ከመጡ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ አዳምጣቸዋለሁ።