የኮላግራፍ ካርቶን አንዴ ታትሞ አይጣልም

ሰላም መምህር። ስለ ኮላግራፍ፣ ማለትም ካርቶን ላይ ክር፣ ቅጠልና ወረቀት አጣብቆ በተሠራ ሰሌዳ ስለማተም፣ «ኮላግራፍ የሚሰጠው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ ካርቶኑ ይበሰብሳል፣ ማተሚያ ማሽንም ስለሚፈልግ ለሁለተኛ ደረጃ ክፍል አይሆንም» ብለዋል። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ግን ትክክል አይደለም።

አንድ ቅጂ የሚሰጠው ሞኖታይፕ ነው። እሱ ልሙጥ ሰሌዳ ላይ በቀለም ይሳልና አንዴ ሲታተም አብዛኛው ቀለም ያልቃል። በኮላግራፍ ግን ምስሉ ካርቶኑ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ስሙም ከግሪኩ «ኮላ» የመጣ ነው፤ እኛም ማጣበቂያውን ኮላ እንለው የለ!

ካርቶኑ የሚበላሸው ቫርኒሽ ሳይቀባ ሲቀር ነው። የጆንያ ክሩ፣ የደረቀው ቅጠል፣ የተቀደደው ወረቀት ከተለጠፈ በኋላ ኮላው በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ በተለይ ጠርዙን ቫርኒሽ ቀብተው ያሳድሩት። ጠርዙን ተማሪዎች ቶሎ ይረሱታል፤ እርጥበት የሚገባው ደግሞ በዚያ ነው። እንዲህ የተዘጋጀ ሰሌዳ ደጋግሞ ይታተማል።

ማሽኑም ግዴታ አይደለም። ከፍ ከፍ ያለውን ቦታ በሮለር ስስ ቀለም ይቀቡት። ቀጭን ወረቀት ያልብሱና በማንኪያ ጀርባ ከመሃል ወደ ዳር ይሹት። አንዱን ጥግ ገለጥ አድርገው ይዩ፤ የጆንያው ሽመና ጥርት ብሎ ካልወጣ መልሰው ይሹ። ማሽን በእርግጥ የሚያስፈልገው ከጎድጓዳው ውስጥ ቀለም ለማውጣት ሲፈለግ ነው፤ የእርስዎ ተማሪዎች ደግሞ የሚያትሙት ከፍ ያለውን ነው።

ተማሪዎቹ ስማቸውን ሰሌዳው ላይ መለጠፍ ከፈለጉ ግን ፊደሉን ገልብጠው ይለጥፉት፤ ሲታተም ይቃናል።