ለኮምፒውተሩ በጀት አለ፣ ለዩፒኤሱ ግን የለም!

ወገን፣ ስለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተርን በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ዛሬስ ሳልናገር አላድርም።

ከአሮጌ ዴስክቶፕ ክላስተር (እንደ አንድ ሆነው አብረው የሚያሰሉ ኮምፒውተሮች) መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። በ1994 ናሳ ውስጥ እነ ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር 16 ተራ ፕሮሰሰሮችን በኢተርኔት አያይዘው ቤዎልፍ የተባለውን ክላስተር ሠርተዋል። እኛም ለተማሪዎቻችን ሊኑክስ ጭነን አነስ ያለ ክላስተር አቁመናል። ሁለት ኔትወርክ ካርድ ያላት አንድ ማሽን ጌትዌይ ናት። ሌሎቹ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) የሚያገኙት፣ ኢንተርኔት የሚወጡት፣ ፋይል የሚያነቡት በእሷ በኩል ነው። በደንብ ይሠራል። መብራት እስኪጠፋ ድረስ!

መብራቱ ሲመጣ ሁሉም እኩል ይነሳሉ። ጌትዌይዋ ገና ዲስኳን እየፈተሸች ሌሎቹ አይፒ ይጠይቃሉ፣ መላሽ የለም፣ የጋራው ፎልደር አይገኝም፣ በዚያው ደርቀው ይቀራሉ። እየዞርኩ አንድ በአንድ አስነሳቸዋለሁ።

ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። የማሽኖቹ የማዘርቦርድ ባትሪ ስለሞተ መብራት በሄደ ቁጥር ቀናቸው ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል። ለማሽኖቹ ሥራ የሚያከፋፍለው ስለርም የተባለው ፕሮግራም፣ ማሽኖቹ የሚላላኩት መልእክት ከማን እንደመጣ የሚያረጋግጠው መንጅ በሚባል ሌላ ፕሮግራም ነው፤ መንጅ ደግሞ ካልቀየሩት በቀር ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት ካየ አላውቅህም ብሎ ይመልሳል። ሰዓቱን ክሮኒ (የኮምፒውተርን ሰዓት በኔትወርክ የሚያስተካክል ፕሮግራም) ያስተካክል እንዳይባል፣ ጌትዌይዋ ራሷ ትክክለኛውን ሰዓት የምታገኘው ከኢንተርኔት ነው። ኢንተርኔቱ መቼ ከመብራቱ እኩል ይመጣል?

በዚህ መሃል ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያደረ የተማሪ ስሌት ገደል ገብቷል። ልጁ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያው ደርሶበታል፣ እኔ ፊት ቆሞ ያየኛል። አንጀቴን ነው የሚበላኝ።

ዩፒኤስ ይገዛልን ስንል መልሱ "ኮምፒውተር ገዝተንላችሁ የለ እንዴ?" ነው። ለማዘርቦርዱ የምትሆነውን፣ ሲአር2032 የምትባለዋን፣ የሰዓት አዳሽ ሱቅ ሁሉ የሚሸጣትን የሳንቲም ባትሪ ለመግዛት እንኳ ፕሮፎርማ አምጡ እንባላለን። ለባትሪ! ኮምፒውተሩ ሲገዛ ግን ፎቶ ለመነሳት የማይመጣ ኃላፊ አልነበረም።

የሁሉም ማሽን ይሁን አላልንም። ለጌትዌይዋና ማሽኖቹን በኬብል ለሚያገናኘው ስዊች ብቻ አንድ ደህና ዩፒኤስ ይገዛልን። እሷ ካልጠፋች ሰዓቱም ፋይሉም አይፒውም አለ፣ ሌሎቹ ሲነሱ የሚፈልጉትን ያገኛሉ። ከዚያ ባትሪዎቹ ይቀየሩልን። ሌላ ምንም አልጠየቅንም።