ይህ የማን ሐምሌ ነው?

ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ባለው ቢሯችን አንድ ወጣት የሽያጭ ባለሙያ የክላውድ (ዳታው በኢንተርኔት በኩል ሩቅ ባለ ሰርቨር የሚቀመጥበት) ሪፖርት ማቅረቢያ ሶፍትዌር ሊያሳየን መጥቶ ነበር። ሌሎች አቅራቢዎች የአንድ የማናውቀው የአሜሪካ ሱቅ ሽያጭ በሚያሳይ ናሙና ሲያስጎበኙን፣ እሱ አስቀድሞ የእኛኑ ዳታ ጠይቆ ማሳያውን በዚያ ላይ ስለሠራ አክብሬዋለሁ። ግራፉ የሚነበብ፣ ካርታው የጠራ ነበር። «የሐምሌ ሽያጭ» የሚለውን ገጽ ሲከፍት ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ በሒሳብ መዝገብ ላይ ያሳለፉት ሒሳብ ሹማችን መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ልጄ፣ ይህ የማን ሐምሌ ነው?» አሉት። «ጋሼ፣ ጁላይ ማለት ነው» ብሎ መለሰላቸው። እሳቸውም ምንም ሳይናገሩ የደብተሩን ድምር አሳዩት፤ ሁለቱ ቁጥሮች አይቀራረቡም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጁላይ 1 የሚውለው ሰኔ 24 ሲሆን ሐምሌ 1 የሚውለው ደግሞ ጁላይ 8 ነው። ስለዚህ ሶፍትዌሩ «ሐምሌ» ብሎ ያቀረበልን ወር ከሰኔ የመጨረሻዎቹን 7 ቀናት የወሰደ፣ ከሐምሌ ደግሞ የመጨረሻዎቹን 6 ቀናት የጣለ ነበር። በሌላ ወር ቢሆን ልዩነቱ ያን ያህል ላይጎላ ይችል ይሆናል። እኛ ግን የሕንፃ መሣሪያ አከፋፋዮች ነን፤ የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ በጀታቸውን ያልተጠቀሙ መሥሪያ ቤቶችና ፕሮጀክቶች ግዢያቸውን ለመጨረስ የሚጣደፉት በዚያችው ሳምንት ነው። የእኛም የሒሳብ ዓመት የሚዘጋው በዚያው ቀን ነው። ያ ውብ ገጽ የተዘጋውን ዓመት ትልቁን የሽያጭ ሳምንት ወስዶ በአዲሱ ዓመት ሒሳብ ላይ አስቀምጦት ነበር።

ይህን የምጽፈው በከተማችን መሐል ያሉ ብዙ ድርጅቶች ከኤክሴልና ፒችትሪ ከሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ወደ እነዚህ የክላውድ አገልግሎቶች እየተሸጋገሩ ስለሆነና፣ ምርጫው የሚካሄድበት መንገድ ስለሚያሳስበኝ ነው። በሆቴል አዳራሽ በሚደረግ ማሳያና አቅራቢው ራሱ ባዘጋጀው የማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ተመርኩዘን ለዓመታት የምንከፍልበትን ውል እንፈርማለን። የእኔ አቋም ማንኛውም የሪፖርት ሶፍትዌር መመዘን ያለበት በራሳችን ባልተጣራ የሰኔና የሐምሌ ዳታ፣ በራሳችን ኔትወርክ፣ የሒሳብ ሹሙና የመጋዘን ኃላፊው ባሉበት ነው የሚል ነው።

ከቀን አቆጣጠሩ ልጀምር፤ የሌላው ሁሉ መሠረት እሱ ነውና። በብዛት የሚሸጡልን የሪፖርት ሶፍትዌሮች፣ ፓወር ቢአይም ሆነ ታብሎ፣ «ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር አነጻጽር» ወይም «ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ዛሬ ደምር» የሚሉት ዝግጁ ስሌቶቻቸው በአብዛኛው የተሠሩት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ላይ ነው። በራሳቸው 13ኛ ወርን አያውቁም። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ እያንዳንዱ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፈበት፣ የበጀት ዓመቱና ሩብ ዓመቱ የተመለከተበት የቀን ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ነው፤ ለ10 ዓመት ቢዘጋጅ ከ3,650 መስመር ጥቂት ይበልጣል። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ቋሚ የቀን ልዩነት እየቀነሰ የሚያሰላ ባለሙያ መስከረም ሁልጊዜ በሴፕቴምበር 11 የሚጀምር ይመስለዋል፤ በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች የ2016 ዓ.ም. አዲስ ዓመት የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ የወር መጀመሪያዎቹ ሁሉ በአንድ ቀን ይዛነፋሉ። ጳጉሜን ለብቻዋ ትቁም ወይስ ከነሐሴ ጋር ትደመር የሚለውንም አስቀድሞ የሚወስነው ሒሳብ ክፍሉ እንጂ ሶፍትዌሩ መሆን የለበትም። የተጨማሪ እሴት ታክስ የምናሳውቀው በኢትዮጵያ ወር ስለሆነ፣ በዚያው ወር የማያሰላ ዳሽቦርድ (የሪፖርት ማሳያ ገጽ) በየወሩ ከግብር ማስታወቂያችን ጋር የማይገናኝ ሁለተኛ ቁጥር ይወልድብናል።

ቀጥሎ ያጋጠመን በፊደል ነው፤ ይህን ከአዲስ አበባ ውጭ የተጻፈ አንድም የመመዘኛ ሰነድ ሲያነሳው አላየሁም። የቅርንጫፎችን ሽያጭ የሚያሳየው ግራፍ ላይ አንዱ ቅርንጫፋችን በአራት ዓምድ ተከፍሎ ተቀምጦ ነበር፦ ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ ሃዋሳ እና አዋሳ። ለአንባቢ አንድ ከተማ ናት፤ ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ስላለው አራት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። በመጋዘን በኩል ጉዳቱ ገንዘብ ነክ ነበር። ጎተራ አካባቢ ካለው ስቶራችን የመጣው ዳታ ላይ «ፀረ ዝገት ቀለም» ባዶ መሆኑን አይተን አዲስ ግዢ እንዲጠየቅ ደብዳቤ አዘጋጅተን ነበር፤ የመጋዘን ኃላፊዋ ቢን ካርዱን (የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርዱን) ይዛ መጥታ ዕቃው መደርደሪያው ላይ እንዳለ ባታሳየን ኖሮ ያችን የምናውቃትን ውድ የውጭ ምንዛሪ እናወጣባት ነበር። ዕቃው የተመዘገበው «ጸረ ዝገት» ተብሎ ነበር።

ስለዚህ ሶፍትዌሩን ስንፈትን የፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ አንዱን ቃል በሁለት ፊደል ጽፎ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ አብዛኞቹ ይወድቃሉ። በዚህ ሶፍትዌሩን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሐዊ አይደለም። ዘላቂው መድኃኒት ቅርንጫፍንም ሆነ ዕቃን በስም ሳይሆን በኮድ መለየት፣ ደንበኛን ደግሞ ባለ 10 አኃዙን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ተጠቅሞ መመዝገብ ነው። ይህን ሥራ ሳይጀምሩ የዓመት ክፍያ የከፈሉ ድርጅቶች፣ የተዝረከረከውን መዝገባቸውን በቀለም አሸብርቀው ከማየት ያለፈ የሚያገኙት ነገር የለም።

ስለ ኢንተርኔት መሥመርና ስለ መብራት የሚነገረው ብዙ ስለሆነ ወደ አንዱ ነጥብ ብቻ ልሂድ። ፒችትሪያችን ያለው ቢሮ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ዳሽቦርዱ ያለው ክላውድ ላይ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ጌትዌይ የሚባል ፕሮግራም ደግሞ ሁልጊዜ በበራ ማሽን ላይ መኖር አለበት። በፓወር ቢአይ ፕሮ ፈቃድ ዳታው በቀን እስከ 8 ጊዜ በመርሐ ግብር ይታደሳል። ይሁን እንጂ እድሳቱ 4 ጊዜ በተከታታይ ከከሸፈ አገልግሎቱ መርሐ ግብሩን ራሱ ያጠፋዋል። ቢሯችን ፊት ያለው መንገድ በሚቆፈርበት ሰሞን የፋይበር መሥመራችን ተቆርጦ ከዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ እሑድ ማታ ጠፋ። መሥመሩ ሲመለስ እድሳቱ አልተመለሰም። ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጃችን በስልካቸው ያነበቡት ቁጥር የዓርብ ቁጥር ነበር፤ በእሱም ላይ ተመሥርተው ለሐዋሳ የጭነት መኪና መደቡ። የማሳወቂያው ኢሜይል የደረሰው አካውንቱን የከፈተው ሠራተኛ ጋ ሲሆን እሱ ፈቃድ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ «ዳታው የታደሰበት ቀንና ሰዓት» በትልቁ እንዲጻፍ አድርገናል፤ ማንም ሻጭ በማሳያው ላይ ይህን ሲያሳይ ስላላየሁ ገዢው ራሱ ይጠይቅ እላለሁ።

የሰዓት ጉዳይም አለ። የፓወር ቢአይ የክላውድ አገልግሎት «ዛሬ» የሚለውን ቀን የሚያሰላው ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ ለእሱ ገና ትናንት ነው። ማታ ለሚዘጋ እንደ እኛ ያለ ድርጅት ለውጥ የለውም፤ ለካዛንቺስ ሆቴልና ሌሊቱን ለሚሠራ መድኃኒት ቤት ግን አለው።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ። ፓወር ቢአይ ፕሮ ለዓመታት ለአንድ ተጠቃሚ በወር 10 ዶላር ነበር፤ ከመጋቢት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ 14 ዶላር ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር፣ የ25 ተጠቃሚ የዓመት ክፍያ 3,000 ዶላር ወይም 171,000 ብር ያህል ይሆን ነበር። ዛሬ ያው ፈቃድ 4,200 ዶላር ነው፤ ዶላሩን በ130 ብር ብቻ ብናሰላው 546,000 ብር ይደርሳል። ሶፍትዌሩ ያው፣ ሠራተኛው ያው ሆኖ ወጪው ከ3 እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። ታብሎ ዓመታዊ ክፍያ የሚጠይቅ ሲሆን በወር ለተመልካች 15፣ ለአዘጋጅ 75 ዶላር ያስከፍላል። ሪፖርቱን የሚያይ ሁሉ ፈቃድ ሲያስፈልገው ድርጅቶች ወጪውን የሚሸሹበትን መንገድ ሁላችንም እናውቃለን፦ አንድ የይለፍ ቃል ለአምስት ሰው። ያን ጊዜ ማን ምን እንዳየና ማን ምን እንደቀየረ የሚመዘግበው መዝገብ ዋጋ ያጣል፤ የደመወዝ ገጽም ለመርካቶ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ክፍት ይሆናል።

ከዋጋው ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ክፍያው የሚፈጸምበት መንገድ ነው። የውጭ ምንዛሪ ካርድ ማግኘት ስለሚያስቸግር ብዙዎች ውጭ አገር ባለ ዘመድ ወይም ባልደረባ ካርድ ይከፍላሉ። የማውቀው አንድ ድርጅት አካውንቱን በአንድ ሠራተኛ የግል ኢሜይል ከፍቶ በእሱው ዘመድ ካርድ ሲከፍል ቆይቶ፣ ሠራተኛው ሲለቅ የሦስት ዓመት ሪፖርቶቹን መክፈት አቃተው። ሠራተኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ አገር ቀይሮ ስልኩም ተቀይሮ ነበር። በወረቀት ላይ የአካውንቱ ባለቤት እሱ ስለሆነ አገልግሎት ሰጪው ለድርጅቱ መልስ የሚሰጥበት ምክንያት አልነበረውም። ወጪውም ቢሆን በድርጅቱ ስም ደረሰኝ ስለሌለው በሒሳብ ምርመራ ጊዜ ማስረጃ አልተገኘለትም። በድርጅቱ ስም፣ በድርጅቱ ኢሜይልና በባንክ በኩል መክፈል የማይቻልበት አገልግሎት፣ የቱንም ያህል ቢያምር ለእኔ ከመጀመሪያው ዙር ይወድቃል።

የዳታው ማረፊያ ሌላው የማይታለፍ ጥያቄ ነው። ለእኛ ቅርብ የሚባሉት የትልልቆቹ ኩባንያዎች የክላውድ ማዕከላት ያሉት በደቡብ አፍሪካና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ነው፤ ማይክሮሶፍት ጆሃንስበርግ ላይ በ2019፣ አማዞን ኬፕታውን ላይ በ2020፣ ጉግልም ጆሃንስበርግ ላይ በ2024 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከፍተዋል። በእኛ በኩል የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶ፣ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲቆጣጠረው ተደርጓል፤ የግል ዳታን ከአገር ውጭ ማስተላለፍም ሁኔታዎች ተቀምጠውለታል። ስለዚህ የደንበኞችን ስልክና የሠራተኞችን ደመወዝ ወደ ክላውድ ከመጫናችን በፊት የሕግ ባለሙያችን አዋጁን ይዞ ከጠረጴዛው ዙሪያ መቀመጥ አለበት። ብዙ ጊዜም ለሪፖርቱ ስሙ አያስፈልግም፤ የደንበኛ ኮድ ይበቃል።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው ወደ ክፍት ምንጭ አማራጮች፣ ወደ ሜታቤዝ ወይም ወደ አፓቼ ሱፐርሴት ቢያዘነብል አይፈረድበትም። በራስ ሰርቨር ላይ ወይም አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ሥራ ከጀመሩት የዳታ ማዕከላት በአንዱ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ የተጠቃሚ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ዶላር አይጠይቁም። ይሁን እንጂ የሚያስተዳድራቸው፣ ባክአፕ የሚወስድና ሲበላሹ የሚጠግን ባለሙያ ካልተቀጠረ ጥቅማቸው አይዘልቅም፤ የእንዲህ ዓይነት ባለሙያ የዓመት ደመወዝ ከላይ ከጠቀስኩት የፈቃድ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። እኛ የደረስንበት መሐከለኛ መንገድ የቀን ሠንጠረዡን፣ የኮዶቹን ዝርዝርና «ሽያጭ» ማለት ምን እንደሆነ የሚወስኑትን ስሌቶች በራሳችን ዳታቤዝ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ የዱቤ ሽያጭ በደረሰኙ ቀን ይቆጠር ወይስ ገንዘቡ ሲገባ፣ 15 በመቶው ታክስ ይካተት ወይስ ይቀነስ የሚሉት ሁሉ እዚያ ይጻፋሉ። የክላውዱ ሶፍትዌር የተሰላውን ያሳያል። እነዚህ ስሌቶች በአንድ ሻጭ የቀመር ቋንቋ ብቻ ከተጻፉ፣ ውሉ በተቋረጠ ቀን ወደ ሌላው ይዘናቸው መሄድ አንችልም።

ያ ወጣት ከሁለት ሳምንት በኋላ የቀን ሠንጠረዡን ሠርቶ ተመልሶ መጣ። ሒሳብ ሹማችን ከሰኔ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለውን ድምር ከስክሪኑ እያነበቡ ደብተራቸው ላይ በእርሳስ ምልክት ሲያደርጉ ከአንድ ሰዓት በላይ አብረን ቆየን። በመጨረሻ ያልተገናኙት ሁለት ደረሰኞች ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም መብራት በጠፋበት ቀን በእጅ የተቆረጡ የአዳማ ሽያጮች ናቸው። ሙከራው እስከ መስከረም 30 ይቀጥላል፤ ውሉ ገና አልተፈረመም።